ሩፍለር ያዋጣል ወይ? ሽንሽን ጉርድ በቤት ለሚሰፉ

ባለ ሦስት እርከን ሽንሽን ጉርድ ላይ የሚሸነሸነው ጨርቅ፣ የመሃሉና የታችኛው እርከን ሲደመር፣ 4 ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘርዘር ባለ ስፌት ሰፍቶ፣ የታችኛውን ክር በጥፍር እየሳቡ መሰብሰብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክሩ መሃል ላይ ከተበጠሰ ደግሞ የተሰበሰበው ሁሉ ተመልሶ ይዘረጋል። ሩፍለር የሚባለው የስፌት መኪና እግር ይህን ድካም ለማስቀረት የተሠራ ነው፤ ጨርቁን ራሱ እየገፋ፣ እያጠፈ፣ እጥፉ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። እጅ የሚሠራው መምራት ብቻ ነው። የታችኛውን እርከን ለመሸንሸን፣ ቀስ እያሉ ቢነዱት እንኳ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። ለአንድ ጉርድ ብላችሁ አትግዙት። የልጅ ቀሚስ ደጋግማችሁ የምትሰፉ፣ የመጋረጃ ጫፍና የትራስ ልብስ ዙሪያ በሽንሽን የምታስጌጡ ከሆነ ግን ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ለፖፕሊን፣ በጠቅላላው ለስስ ጥጥ ጨርቅ፣ በእጅ መሸንሸን አይደርስበትም። ሳቲን ላይ ምልክት ይተዋል። ቺፎን ላይ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይቦጭቃል። ቀበቶ ያለው ወገብ ለመሸንሸን ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ምክንያቱ ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መጀመሪያ እቃውን እንየው።

ከተለመደው እግር ጋር ሲተያይ ግዙፍ ነው፤ ከጎን ሲያዩት የሰዓት ሆድ ዕቃ ይመስላል። ከላይ ሹካ የመሰለ ክንድ አለው፤ ይህ ክንድ መርፌ ማጥበቂያው ብሎን ላይ ይሰካና መርፌው በወጣና በወረደ ቁጥር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ከታች ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ተደራርበዋል። የላይኛው ጫፉ ላይ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ ጨርቁን ነክሶ ወደ መርፌው የሚገፋው እሱ ነው። የታችኛው ልሙጥ ነው፤ ሥራው የላይኛው ጥርስ ከሥር ያለውን ጨርቅና የመኪናውን ጎታች ጥርስ እንዳይነካ መለየት ነው። የሚሸነሸነው ጨርቅ በሁለቱ ምላሶች መካከል ይገባል። የማይሸነሸነው፣ ሽንሽኑ የሚሰፋበት ለጥ ያለው ጨርቅ ደግሞ ከታችኛው ምላስ ሥር። ይህን ቦታ የሚያሳስት ሰው ለጥ ማለት የነበረበትን ሸንሽኖ፣ መሸንሸን የነበረበትን ለጥ አድርጎ ያገኘዋል።

ፊት ለፊቱ ላይ 1፣ 6፣ 12 እና አንድ ኮከብ የተጻፈበት መምረጫ አለ። ቁጥሩ በስንት ስፌት አንዴ እንደሚያጥፍ ይናገራል፤ ኮከቡ ሳያጥፍ ዝም ብሎ ይሰፋል። በድሮው የሲንጀር ሩፍለር ላይ ቁጥሮቹ 1 እና 5 ናቸው፣ ኮከቡ እዚያም አለ። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚ.ሜ ቢሆን፣ 1 ላይ በየ2.5 ሚ.ሜ፣ 6 ላይ በየ1.5 ሳ.ሜ፣ 12 ላይ በየ3 ሳ.ሜ ያጥፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሲያልቅ 120 ሳ.ሜ በሚሆን ሽንሽን ላይ በ1 ቁጥር 480፣ በ6 ቁጥር 80፣ በ12 ቁጥር 40 እጥፎች ይገኛሉ። ለጉርድ የሚሆነው 1 ነው። 6 እና 12 እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተራ በተራ የተደረደረ ፕሊት ይሰጣሉ፤ ያምራል፣ ግን ሌላ ልብስ ነው።

ከመምረጫው አጠገብ ያለው ትንሽ ብሎን የእጥፉን ጥልቀት ይቆጣጠራል። ሲጠብቅ ምላሱ ብዙ ይገፋል፣ ሲላላ ጥቂት። እንግዲህ ስንት እጥፍ እንደሚሸንሽን፣ ማለትም ጨርቁ ካለቀው ሽንሽን ስንት ጊዜ እንደሚረዝም፣ የሚወስኑት ይህ ብሎንና የመኪናው የስፌት ርዝመት ናቸው፤ ስፌቱ ባጠረ ቁጥር ሽንሽኑ ይጠቀጠቃል፣ በረዘመ ቁጥር ይሳሳል። የእቃው ትልቁ ጉድለት ያለውም እዚህ ነው። በክር የተሸነሸነ ጨርቅ ላላ ጠበቅ እያለ በሚፈለገው ልክ ይስተካከላል። ሩፍለር የሰፋው ግን እንደተሰፋ ቀረ። 73 ሳ.ሜ ቀበቶ ላይ ልክ 73 ሆኖ እንዲያርፍ ማድረግ የማይቻለው ለዚህ ነው። ባለ ላስቲክ ወገብ ሲሆን ችግሩ የለም፤ ላስቲኩ ራሱ ይሸንሽነዋል።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በመኪናችሁ ላይ መግባቱን አረጋግጡ። እግሩን አውርዳችሁ፣ ከመርፌው ሥር ካለው ሰሌዳ እስከ እግር ማሰሪያው ብሎን መሃል ድረስ ለኩ። ከ1.3 እስከ 1.9 ሳ.ሜ ከሆነ መኪናው ዝቅተኛ ዘንግ (እግር የሚታሰርበት ብረት) አለው፤ 2.5 ሳ.ሜ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ። ጥቁሮቹ ሲንጀር 15፣ 66፣ 99 እና 201፣ እነሱን ተከትሎ የተሠራው ባለ ቢራቢሮ ምልክቱ የቻይና መኪና፣ እንዲሁም አብዛኞቹ የቤት ብራዘርና ጃኖሚዎች ዝቅተኛ ናቸው። ሲንጀር 401 እና የ500 ተከታታዮች ዘንጋቸው ዘመም ያለ ስለሆነ ለእነሱ ብቻ የተሠራውን ይፈልጋሉ። የፋብሪካው ጁኪ ከፍተኛ ነው። በርኒና የራሱ ማሰሪያ ስላለው ያለ ማገናኛ አይቀበልም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ «ለሲንጀር» ብሎ መላክ አይበቃም፤ የለካችሁትን ቁጥርና የመኪናውን ሞዴል ጨምራችሁ ንገሩ። (መኪናውንም ጭምር ከአሜሪካ የምታስመጡ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት የሚል መኪና ያለ ትራንስፎርመር እኛ አገር 220 ላይ ከተሰካ ሞተሩን ተሰናበቱት።)

እናት ወይም አያት ያወረሱት የእግር ሲንጀር ቤት ካለ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያውን ፈትሹ። ሲንጀር ከመኪናው ጋር በሳጥን ይሰጣቸው ከነበሩት ተጨማሪ እግሮች መካከል ሩፍለር ነበረበት። ብዙ ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከቁልፍና ከአሮጌ ቦቢን ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ዝገት ካልበላው፣ ላዩን ጠርጋችሁ ዘይት ካጠጣችሁት፣ ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ይሻላል፤ ብረቱ ወፍራም ነው፣ ምላሱም አይወላገድም።

አዲስ ስትገዙ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሦስት ነገር እዩ። መምረጫውን 1 ላይ አድርጋችሁ ሹካውን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ ሳይነክስ መሄድ አለበት፣ ምላሱም ሹካው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። እግሩን ከጎን ወደ ብርሃን ያዙና ሁለቱ ምላሶች እኩል ተደራርበው መተኛታቸውን ተመልከቱ፤ አንዱ ጫፍ ቀና ካለ ጨርቅ ይይዛል። ከዚያ ጥርሶቹን በጨርቅ ቁራጭ ዳብሱ፤ የተጠማዘዘ ጥርስ ካለ ክር ይመዛል። ርካሾቹ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ሌላው ጉድለት የመርፌ ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ነው። እሱ የሚታወቀው ግን መኪና ላይ ሲታሰር ብቻ ስለሆነ፣ ካልሆነ እመልሳለሁ ብላችሁ ተስማምታችሁ ውሰዱ።

አሳሰሩ እንዲህ ነው። መርፌውን እስከ ላይ አውጡ። እግሩን ብቻ ቀጭ አድርጎ በሚያወልቅ መኪና ላይ እግር መያዣውን ጭምር በካቻቢቴ ፍቱ፤ ሩፍለር የሚታሰረው በቀጥታ ዘንጉ ላይ ነው። ከኋላ አስገብታችሁ ሹካውን መርፌ ማጥበቂያው ብሎን ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ የእግሩን ብሎን በካቻቢቴ አጥብቁ፤ በጣት ማጥበቅ አይበቃም። መርፌ ማጥበቂያውንም አብራችሁ አጥብቁ፤ ሹካው በየስፌቱ ስለሚነቀንቀው ቀስ በቀስ ይላላና መርፌው ሥራ መሃል ይወድቃል። የራሱ መርፌ ክር አስገቢ ያለው አዲስ መኪና ላይ ሹካው ከእሱ ጋር እንዳይጋጭ እዩ። ስፌቱ ቀጥታ፣ መርፌው መሃል ላይ ይሁን። መኪናው ዚግዛግ ላይ ቆይቶ ከሆነ የመጀመሪያው ምት መርፌውን ይሰብራል። ስለዚህ ፔዳል ከመርገጣችሁ በፊት መዘውሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት፤ መርፌው ቀዳዳው መሃል ገብቶ ከወጣ ነገሩ ተሳክቷል።

ድምፁ ይረብሻል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም። በዝግታ መንዳት ግን ግዴታ ነው። እዚህ ላይ የእግር መኪና ያለው ሰው ይታደላል፤ በእግሩ እንደልቡ ስለሚቆጣጠረው ከብዙ የኤሌክትሪክ ፔዳሎች ይልቅ ለሩፍለር ይመቻል።

ወደ ጉርዱ እንግባ። ወገብ 70፣ ዳሌ 96፣ ርዝመት 75 ሳ.ሜ ለሆነች ሴት እንቁረጥ፤ ላስቲኩ 2.5 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ይሁን። እያንዳንዱ እርከን ሲያልቅ 25 ሳ.ሜ ነው። የላይኛው ዙሪያ 120 ሳ.ሜ ነው፤ ከዳሌዋ 24 ስለሚበልጥ ስትለብስ አይጨንቃትም። መሃለኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ 180። ታችኛው ደግሞ የዚያ አንድ ተኩል፣ 270። ሁለት እጥፍ እናድርገው የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በቺፎን ያስኬዳል። በፖፕሊን ግን 120፣ 240፣ 480 እያለ ሲሄድ ታችኛው እርከን እንደ ድንኳን ይቆማል፣ ክብደቱም ወገቡን ወደ ታች ይስባል።

የከፍታው ቁርጥ፦ ላይኛው 30 ሳ.ሜ፣ ማለትም 25 ለእርከኑ፣ 4 ለላስቲክ መግቢያ፣ 1 ለስፌት። መሃለኛው 27፣ ከላይም ከታችም 1 ሳ.ሜ የስፌት ትርፍ አለው። ታችኛው 28፣ 1 ለስፌት፣ 2 ለጠርዝ እጥፋት። ጨርቁ 150 ሳ.ሜ ስፋት ካለው ከላይኛው አንድ፣ ከመሃለኛው ሁለት፣ ከታችኛው ሁለት ቁራጭ ይወጣል፦ 30፣ ሲደመር 54፣ ሲደመር 56፣ 140 ሳ.ሜ። 1 ሜትር ከ75 ግዙ። ትርፉ ታጥቦ ለሚኮማተረው ጥጥና ለመሞከሪያ ነው፤ ፖፕሊን ሳይታጠብ የተቆረጠበት ጉርድ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁመቱ ያጥራል። ስፋቱ 115 ሳ.ሜ የሆነ ጨርቅ ሲሆን ከላይኛው ሁለት፣ ከመሃለኛው ሁለት፣ ከታችኛው ሦስት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ 2 ሜትር ተኩል ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ምክር ይሄ ነው፦ የሚሸነሸኑትን ቁራጮች ልክ በሚሆናቸው ርዝመት አትቁረጡ። በስሌት የመሃለኛው ሁለት ቁራጮች እያንዳንዳቸው 92፣ የታችኛው 137 ሳ.ሜ ናቸው። ለሩፍለር ግን የመሃለኛውን 100፣ የታችኛውን ሙሉውን የጨርቁን ስፋት ውሰዱ። እግሩ 1.5 ይሸንሽናል ብላችሁ አስባችሁ 1.55 ቢሸንሽን፣ 180 ሳ.ሜ ለመሙላት 279 ሳ.ሜ ይበላል፤ 270 የቆረጠ ሰው 9 ሳ.ሜ አጥሮት ጠርዙ ላይ ቁጭ ይላል። የተረፈ ጨርቅ ይቆረጣል። ያጠረ ጨርቅ ምን ይደረጋል?

ከዚያ ሙከራ። ከዚያው ጨርቅ፣ እንደ እርከኖቹ በስፋቱ በኩል፣ 60 ሳ.ሜ ርዝመትና 10 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። ሩፍለሩን 1 ላይ፣ ስፌቱን 2.5 ላይ አድርጉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉት። ሳትጎትቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ለኩ። 40 ሳ.ሜ ከሆነ 1.5 እጥፍ ነው፣ ጨርሳችኋል። 36 ከሆነ አብዝቷል፤ የጥልቀቱን ብሎን በሩብ ዙር አላሉ። 44 ከሆነ አንሷል፤ አጥብቁ። ብሎኑን መነካካት ከሰለቻችሁ የስፌቱን ርዝመት ወደ 2 ወይም ወደ 3 ብታንቀሳቅሱ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ከ2 በታች ግን አትውረዱ፣ ሽንሽኑ ይጠጥርና እንደ ገመድ ይቆማል። የተሳካላችሁን ቁራጭ አትጣሉት። ቁጥሩንና የስፌቱን ርዝመት ጽፋችሁበት ሳጥኑ ውስጥ ክተቱት፤ በሌላ ቀን ያንኑ ጨርቅ ስታነሱ ግማሹ ሥራ አልቋል። ሌላ ጨርቅ ሲሆን ግን ቁጥሩ አይሠራም፣ እንደገና ይሞከራል። ጨርቁ በካውያ ከተተኮሰና ካልተተኮሰ እንኳ ልዩነት አለ፤ ሙከራውም ሥራውም በተተኮሰ ጨርቅ ይሁን።

ሲሰፋ እርከኖቹን ቀለበት አድርጋችሁ አትዝጉ። የመሃለኛውን ሁለት ቁራጮች በአንድ ጎን ብቻ አያይዙ፣ የታችኛውንም እንዲሁ፤ ሌላው ጎን ክፍት ይቆይ። የመገጣጠሚያውን ስፌት በካውያ ከፍታችሁ አስተኙ፣ ጫፉ ላይ ትርፉን ወደ ግማሽ ሳ.ሜ ከርክሙ። ምላሱ በተደራረበ ስፌት ላይ ሲደርስ ይዘላል ወይም አንድ ትልቅ እጥፍ ይከምራል። እዚያ ጋ ስትደርሱ ፔዳሉን ትታችሁ መዘውሩን በእጅ አዙሩ። የታችኛውን እርከን ጠርዝ ሽንሽን ከመሆኑ በፊት፣ ለጥ እንዳለ፣ 1 እና 1 ሳ.ሜ አጥፋችሁ ስፉ፤ ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ 2 ሜትር ከ70 ማጠፍ መከራ ነው። ሁለቱን ጫፎች 5፣ 5 ሳ.ሜ ሳይሰፉ ተዉአቸው፤ የጎኑ ስፌት ሲዘጋ ይጠናቀቃሉ።

ሽንሽኑን እየሸነሸኑ እዚያው ከላይኛው እርከን ጋር መስፋት ይቻላል፤ ሩፍለር የሚመሰገነው በዚህ ነው። ላይኛውን እርከን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከታችኛው ምላስ ሥር፣ የመሃለኛውን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በምላሶቹ መካከል አስገቡ። ሁለቱም ጠርዞች እኩል ይሂዱ። ለጀማሪ ግን አንመክረውም። ሁለት ጨርቅ በሁለት እጅ፣ አንዱ በአንድ ተኩል ፍጥነት ሌላው በአንድ፣ እየመሩ መሄድ ልምድ ይጠይቃል፤ የላይኛው ሲሸሽ የታችኛው ሳይያዝ ይቀራል፤ ይህም የሚታየው ከተገለበጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁራጩን ብቻውን ሸንሽኑ፣ ለኩት፣ ከዚያ በተለመደው እግር አያይዙ። አንድ ስፌት ይጨምራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ስፌት ከጠርዙ 7 ሚ.ሜ ላይ፣ ማያያዣው 1 ሳ.ሜ ላይ ከሆነ የመጀመሪያው በውጭ በኩል አይታይም።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው። መሃለኛውን ላይኛው ላይ ሰፍታችሁ ትርፉን ከቆረጣችሁ በኋላ የመሃለኛውን የታች ጠርዝ በሜትር እንደገና ለኩ፤ በወረቀት ላይ 180 ቢሆንም በእጃችሁ ያለው 176 ወይም 185 ሊሆን ይችላል። የታችኛው እርከን የሚለካው በዚህ እውነተኛ ቁጥር ነው። ከታች ወደ ላይ ከተሄደ የመሃለኛው ትርፍ ሲቆረጥ የታችኛውም አብሮ ይቆረጣል። መገጣጠሚያዎቹን ዘምዝሙ፣ ትርፉን ወደ ላይ በካውያ አስተኙ። ካውያው ሽንሽኑ ላይ እንዳይወጣ ጫፉን ብቻ ስፌቱ ሥር አስገቡ፤ የተደፈጠጠ ሽንሽን ሕይወት የለውም። በመጨረሻ የተከፈተውን ጎን ከላይ እስከ ታች በአንድ ስፌት ዝጉ፣ ወገቡን 1 ሳ.ሜ ከዚያም 3 ሳ.ሜ አጥፋችሁ ለላስቲኩ ክፍት ቦታ ትታችሁ ስፉ። ላስቲኩ 67 ሳ.ሜ ይቆረጥ፣ በመርፌ ቁልፍ ይሳብ፣ 2 ሳ.ሜ ተደራርቦ ይሰፋ።

አሁን ስለ ጨርቅ። ጥርሱ የሚነክስ ነገር መሆኑን አትርሱ። ፖፕሊን ጠበቅ ብሎ ስለተሸመነ ይቋቋመዋል፤ 80 ቁጥር መርፌ ይበቃዋል። ሳቲን ላይ የጥርሱ ፈለግ በየእጥፉ እንደ ነጥብ ይቀራል፤ ተሳስታችሁ ብትፈቱት ጨርቁን ሌላ ቦታ መጠቀም አይቻልም። ቺፎን ከምላሱ ሥር ይንሸራተታል፤ ስስ ወረቀት ከሥሩ አድርጎ መስፋትና በኋላ መቅደድ ይረዳል፣ መርፌውም 70 ይሁን። ጂንስና ወፍራም ጨርቅ ሁለቱ ምላሶች መካከል በደንብ አይገባም፤ አስገድዶ ማስገባት ምላሱን ያጣምመዋል።

የሸማ ነገር ለብቻው ይታይ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ላላ ያለ ስለሆነ ጥርሱ ማጉን ይስበዋል፣ አንዳንዴም ስፌቱ ሥር ያለው ክር ተፈልቅቆ ክፍተት ይታያል። ጥለት ያለው ጠርዝ ታች ሆኖ ላይኛው ጠርዝ የሚሸነሸን ሲሆን፣ መሸንሸኛው ጠርዝ ላይ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ዘምዝሞ መስፋት ጨርቁን ያጸናዋል። ጥለቱን ራሱን ግን ጥርስ ውስጥ አታስገቡ፤ ክሩ ከሸማው ይወፍራል፣ በላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ተፈልቅቆ ይቀራል። ለሐበሻ ልብስ በክር ስቦ መሸንሸን አሁንም የተሻለው ነው፤ እዚህ ላይ ሩፍለር አይወዳደርም።

ታዲያ ሩፍለር ሳይገዙ ምን አለ? ርካሹ መሸንሸኛ እግር የሚባለው፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ትንሽ እግር ነው። ከኋላ ከፍ ስለሚል ጨርቁን አይጫነውም፤ ስፌቱን 4 አድርጎ የላዩን ክር ሲያጠብቁ ስስ ጨርቅ በራሱ ይሸነሸናል። ለቺፎንና ከፖፕሊን ለሚሳሳ ጥጥ ከሩፍለር ያስመርጣል። ፖፕሊን ላይ ግን ጥቂት ጨምድዶ ይተወዋል። ባለ ዚግዛግ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ጠንካራ ገመድ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ጠርዙ ላይ አስተኝቶ፣ ገመዱን ሳይወጋ፣ በላዩ 4 ሚ.ሜ ስፋት ባለው ዚግዛግ ከሰፋ በኋላ ገመዱን መሳብ ይችላል። አይበጠስም፣ እንደልብ ይስተካከላል፣ የሚያወጣው ብር የለም። የጥቁሩ ሲንጀር ባለቤት ይህ ዕድል የለውም፤ መኪናው ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋው። ለእሱ የሚቀረው 6 ሚ.ሜ ተራርቀው የሚሰፉ ሁለት ዘርዘር ያሉ መስመሮች ናቸው። ያንን ሲሰፋ 4 ሜትር ተኩሉን በአንድ ክር አይሞክር፤ በየ60 ሳ.ሜ ቆርጦ አዲስ ቢጀምር የተበጠሰበት ክር የሚያበላሽበት አንድ ቁራጭ ብቻ ይሆናል።

ሩፍለሩ መዝለል ከጀመረ መጀመሪያ ጽዱት። በምላሶቹ መካከል የጥጥ ብናኝ ይከማችና ጥርሱ ጨርቁን ሳይዝ ይንሸራተታል፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። ከዚያም የመኪናውን የእግር ግፊት ጨምሩ፤ እግሩ ላላ ብሎ ከተቀመጠ ጨርቁ ከምላሱ ጋር ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱ ካልረዱ ጥርሱ ደንዝዟል ማለት ነው፤ በሞረድ መሳል አያዋጣም። የሩፍለሩ መገጣጠሚያዎች ላይ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ፣ ከዚያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያለ ክር ሁለት ሜትር ያህል አሂዱት። ይህን የዘለለ ሰው ዘይቱን የሚያገኘው ነጭ ፖፕሊኑ ላይ ነው፤ ካውያ ካረፈበት ደግሞ ሙቀቱ እድፉን እዚያው ያትመዋል።